ከአጭሩ ሰው ጀምሪ

መስከረም 21

ይድረስ ለጋሼ፣

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። ሦስት ደብዳቤ ጽፈህልኝ አንድም አልመለስኩም። በመጨረሻው ላይ «ሥራ ለያዘች እህት ወንድም እንደ ጃንጥላ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ የትም ይረሳል» ያልከውን ምሳ እየበላሁ ሳነብ ሳቄ አምልጦኝ ጠረጴዛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አልረሳሁህም። ስልክ ስደውል «የተናገርሽውን ነፋስ ይወስደዋል፣ ጻፊው» ትላለህ፤ ስጽፍልህ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ አርመህ፣ ከአሥር ስንት እንዳገኘሁ ጽፈህ ትመልስልኛለህ። በዚህ የሶፍትዌር ድርጅት ሕንጻ ውስጥ ካለው ሁለት ሺህ ሰው ደብዳቤዋ ማርክ የሚሰጠው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ለጥያቄዎችህ፦ አዎ፣ በደንብ እበላለሁ። አዎ፣ የተከራየሁት ክፍል መስኮት አለው፤ የሚያሳየው ግን የጎረቤት ግድግዳ ነው። አይ፣ አለቃዬ አይጮህም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ሲያመሰግንም ሲቆጣም ድምፁ አንድ ስለሆነ የትኛውን እንዳደረገ የሚገባኝ ከሄደ በኋላ ነው። በሮቹን የሚከፍተውን ባጄን ጠረጴዛ ላይ ረስቼ ከወጣሁ ከመጸዳጃ ቤት መመለስ አልችልም፤ ትናንት ኮሪደር ላይ ተቆልፎብኝ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ፈገግ እያልኩ ሩብ ሰዓት ቆምኩ።

ስለ ቅጥር ፈተናዬ ቀን «አንድም ሳትደብቂ» ብለሃል። አምስት ክፍል፣ አምስት ጠያቂ፣ ለእያንዳንዱ አርባ አምስት ደቂቃ። ሰሌዳ ላይ እየጻፍክ ታስባለህ፣ እያሰብክ ትናገራለህ። ጥያቄዎቹን ለማንም እንዳልናገር ፈርሜአለሁ፤ ማንም ማለት አንተንም ይጨምራል። ይህን ያህል ግን ልበልህ፦ ሦስተኛው ክፍል ውስጥ ጥያቄውን ሳነብ አንተ ከኋላዬ ቆመህ በጠመኔ አናቴን ነካ ያደረግከኝ መሰለኝ። ጨርሼ ስዞር ጠያቂው ሰሌዳውን ፎቶ አነሳው። «ይህን ጥያቄ ስድስት ዓመት ጠይቄአለሁ፤ በዚህ በኩል የመጣ ሰው አላየሁም። የራስሽ ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው። «የወንድሜ ነው» ብዬ ብመልስለት ሥራውን ለአንተ የሚሰጥብኝ መሰለኝ። ቀልዴን ነው። ግማሹን።

አሁን ዋናው ነገር። አንተም እኛ ጋ አመልክት። አባባ ሲያርፍ ዩኒቨርሲቲውን ከሁለተኛ ዓመት ጥለህ የመጣኸው እኔ ከትምህርት ቤት እንዳልወጣ ነው። ይህን ባነሳሁ ቁጥር ወሬ ትለውጣለህ፤ ደብዳቤ ላይ ግን መለወጥ አትችልም። ኮድ መጻፍ በራስህ ተምረሃል፤ የትምህርት ቤቱን የማርክ መመዝገቢያ የሠራኸው አንተ ነህ። እዚህ ወረቀትህን አይጠይቁም፣ ጭንቅላትህን ነው። በሞቴ፣ ጋሼ።

እህትህ

ጥቅምት 9

ለሩጬ፣

ደብዳቤሽ ከአሥር ሰባት አግኝቷል። ሦስቱን የቀነስኩት «በደንብ እበላለሁ» ብለሽ ምን እንደምትበዪ ስላልጻፍሽ ነው። ሥራው ያልታየ መልስ ሙሉ ማርክ አያገኝም።

«የራስሽ ነው?» ሲልሽ አዎ ማለትሽ እንቅልፍ አይንሳሽ። ሰው የገባው ነገር የራሱ ነው። እኔስ ከእናቴ ሆድ ይዤው ወጣሁ?

ስለ ጨቀጨቅሽኝ ነገር፦ አመለከትኩ። ቅጹን በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ስሞላ ዳይሬክተሯ ከኋላዬ ቆማ አየች። «መምህር፣ በዚህ ዕድሜ?» አለችኝ። «ሠላሳ ስምንት እኮ ዕድሜ አይደለም፣ የጫማ ቁጥር ነው» አልኳት። ስትስቅ ቆየችና «ከሄድክ ግን አስቀድመህ ንገረኝ፤ ስድስተኛ ክፍልን ያለ ሒሳብ መምህር አላሳድርም» አለች። ይህን ያህል እንደሚቀለኝ አላወቅሁም ነበር። ለካ ሰው የሚፈልገውን ነገር አሥራ ስምንት ዓመት ሳይፈልግ መስሎ መኖር ይችላል።

በዚህ ሳምንት የክፍል ፎቶ ነበረን፣ ዘንድሮም አንቺን ያስተማርኩሽን ያንኑ ጨዋታ አጫወትኳቸው። ልጆቹ ይሰለፋሉ፤ እያንዳንዱ «ከፊቴ ካሉት ከእኔ የሚረዝሙት ስንት ናቸው» ብሎ ቆጥሮ ቁጥሩን ይይዛል። ከዚያ ሰልፉን እበትነዋለሁ። «በሉ፣ በቁጥሩ ብቻ መልሳችሁ በወንበሮቹ ላይ ሥሩት!» እንደ ሁልጊዜው ሁሉም ረጅሙን ልጅ ፍለጋ ተራወጡ። «ከአጭሩ ጀምሩ» አልኳቸው። «አጭሩ ቁጥሩ ሦስት ከሆነ ሦስት ባዶ ወንበር ትታችሁ አስቀምጡት። ሌላው ሁሉ ከእሱ ይረዝማልና ባዶዎቹን ረጃጅሞቹ ይሞሏቸዋል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አጭር።» አንዲት ምላሰኛ «ቲቸር፣ አንተ አጭር ስለሆንክ እኮ ነው» አለች። አልተሳሳተችም። አጭርን ሰው አስቀድመው ካላስቀመጡት ማን ያየዋል?

ወንድምሽ

ኅዳር 14

ይድረስ ለጋሼ፣

የመጀመሪያውን ፈተና አለፍክ! አለፍክ! አጠገቤ የሚቀመጠው ባለ መነጽር ባልደረባዬ «ምን ሆነሽ ነው ወንበርሽ ላይ የምትዘይው?» አለኝ። ወንድሜ አልኩት፣ ከዚያ በላይ ማስረዳት አልቻልኩም። ለካ አንተ ስታልፍ የሚሰማኝ እኔ ካለፍኩበት ይበልጣል።

ለጠየቅኸኝ፦ ሁለተኛው ፈተና በቪዲዮ ስለሆነ ሸሚዝ ይበቃል፤ ካሜራው ከደረት በታች አያይም፤ ሱሪህን አትተኩሰው። «ዝም ብዬ ማሰብ እችላለሁ?» ላልከው ግን አትችልም። ይህ ያንተ ዋና ጠላት ነው። አንተ ስታስብ ጣራ ጣራውን እያየህ ትጠፋለህ፤ እነሱ ግን ዝምታን አለማወቅ አድርገው ነው የሚጽፉት። የማይረባም ቢሆን ተናገር። ካልመጣልህም ለእኔ የምትለኝን አድርግ፦ «ያላወቅሽውን ዝለዪና ኋላ ተመለሺበት፤ ዘለልሽ እንጂ ሸሸሽ አይባልም።»

«ይህን አመልካች አውቀዋለሁ» የሚል ቅጽ ነበር፣ ሞላሁልህ። ዝምድና በሚለው ላይ «ወንድሜ ነው፣ ያሳደገኝ» ብዬ ጻፍኩ። ቦታው ጠባብ ስለነበር «ያሳደገኝ» የሚለው ወደ ቀጣዩ ሳጥን ገባ።

ስለ ሥራዬ የጠየቅኸውን መመለስ አልችልም፣ እሱንም ፈርሜአለሁ። ወንፊት ነገር ነው በለው። ኮዱን የመጻፉ ድርሻ የእኔ ነው፤ በመጀመሪያ ሥራዬ ላይ! የአጠቃቀም መመሪያው ውስጥ የጻፍኩትን አንድ ዓረፍተ ነገር አለቃዬ ሳይነካ አስገባው። «ጥሩ ነው» አለ። ሲያመሰግን ነበር፣ ከሄደ በኋላ ገባኝ።

ሩጬ

ታኅሣሥ 6

ለሩጬ፣

ከአሥር ዘጠኝ። አንዱን የሱሪውን ነገር ስለቀለድሽ። ተኩሼው ነበር።

ፈተናው አለቀ። ዳይሬክተሯ ቢሮዋን ለቀቀችልኝ፤ በሩ ላይ «ፈተና አለ፣ አትጩኹ» ብላ ለጥፋ ራሷ በረንዳ ላይ እየጮኸች ልጆቹን ስታባርር ዋለች። ምን እንደጠየቁኝ መንገር አልችልም። እኔም እንዳንቺው ፈራሚ ሆኛለሁ፤ ቤተሰቡ ጨዋታ አጥቷል ማለት ነው። ይህን ያህል ግን ልበልሽ፦ አራተኛው ጠያቂ ያንቺ እኩያ ነው፤ ጥያቄውን ሲያወጣው ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «ምነው?» አለኝ። «ይህን እኮ ልጆች አስተምርበታለሁ» አልኩት። «እንግዲያው ይቀልዎታል» አለና አንድ ነገር ጻፈ። ሰባት ደቂቃ ፈጀብኝ። እየተናገርኩ ነው የሠራሁት፣ እንደመከርሽኝ። ጣራውን አንዴም አላየሁም።

መጨረሻ ላይ «መቼ መጀመር ይችላሉ?» አሉኝ። ይህ ጥያቄ ለሁሉም የሚቀርብ ነው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ። አይ፣ ተዪው፣ አትጠይቂ። ለዳይሬክተሯ ነግሬአታለሁ። ከገና በኋላ የሚተካኝ መምህር ማፈላለግ ነበረባት፣ መልቀቂያዬን አስገባሁ። «ሳይጸና?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ሩጬ፣ በሕይወቴ አንዴ እንዳንቺ ልሩጥ።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 19

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህስ? ጉልበትህን በብርድ ያምህ ነበር፤ ዘንድሮ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። እዚህም ብርድ ነው፤ ቢሮ ውስጥ ግን ሙቀቱን አንድ ሰው ከሌላ ፎቅ ሆኖ ስለሚቆጣጠረው ሹራብ ለብሰን የምናልብበት ቀን አለ። ምሳ የምበላው ሩዝና አትክልት ነው። ባለፈው አልጻፍሽም ስላልከኝ ነው።

ስልክህን ያላነሳሁት ስብሰባ ላይ ሆኜ ነው። ሦስቱንም ጊዜ። አይ። ሦስቱንም ጊዜ ስልኩን እያየሁት ነበር።

ጋሼ፣ መልቀቂያህን መልሰህ መውሰድ የምትችል ከሆነ ውሰደው። ዛሬውኑ። ዳይሬክተሯ ትወድሃለች፣ እምቢ አትልህም። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ መናገር ከቻልኩ እነግርሃለሁ። ከእነሱ የሚመጣ ደብዳቤ ካለ ብቻህን ሆነህ አንብበው። ይቅርታ አድርግልኝ። በምን እንደሆነ ሳታውቅ ይቅርታ እንድታደርግልኝ መለመን ነውር መሆኑን አውቃለሁ።

እህትህ

ጥር 2

ለሩጬ፣

ደብዳቤው ደርሶኛል፤ ያንቺ ሳይደርስ አንድ ቀን ቀድሞ። ብቻዬን አልነበርኩም፤ ዳይሬክተሯ ልትመርቀኝ አጠገቤ ቆማ ነበር። ሁለት መስመር ነው። «ያቀረቡት መልስ የሌላ ሰው ሥራ ሆኖ ስለተገኘ ማመልከቻዎ ተዘግቷል። ወደፊትም የሚያቀርቡት ማመልከቻ አይታይም።»

ደጋግሜ አነበብኩት። አርባ ልጅ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት «ከጓደኛህ አትቅዳ» ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ዳይሬክተሯ ደብዳቤውን አላመነችም። ግን አላመንኩም አላለችም፤ «ሻይ ላምጣልህ» አለች። ልዩነቱን ታውቂዋለሽ።

ቦታዬን የያዘችው መምህርት ትናንት ጀምራለች። ጎበዝ ናት።

አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ፣ ሳትዘይ መልሺልኝ። የማን ሥራ ነው ቀዳህ የተባልኩት?

ወንድምሽ

ጥር 11

ጋሼ፣

የእኔ።

የፈረምኩትን ሁሉ አፍርሼ ነው የምጽፍልህ፤ ከዚህ በላይ ምን ይቀራል። የሠራሁት ወንፊት የአመልካቾችን መልስ ካለፉት ዓመታት መልሶች ጋር የሚያስተያይ መሣሪያ ነው። ሰዎች ጥያቄ እያወጡ ስለሚሸጡ ነው የታዘዘው። ቃላቱን አያይም። ስም ብትቀይር፣ መስመር ብታገላብጥ አይሸወድም፤ የሚያየው የሐሳቡን መንገድ ነው፤ ከየት ጀመረ፣ ወደየት ሄደ። እዚህ ላይ ኮርቼበት ነበር። መሣሪያውን ስንሞክረው የራሴን መልስ አስገባሁ፣ ያን በወንበር የሠራሁትን። ከአሥራ አንድ ሺህ መልስ መሃል አንድም የሚመስለው አልተገኘም። ሁሉም ከረጅሙ ነው የሚጀምረው። እና በደስታ ሰክሬ መመሪያው ውስጥ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «በዚህ ዓይነት መንገድ ሁለት ሰዎች በአጋጣሚ አይገናኙም።» አለቃዬ ጥሩ ነው ያለው እሱን ነው።

ታኅሣሥ 13 ቀን ጠዋት ስክሪኔ ላይ አንድ ቀይ መስመር መጣ። ሁለት ቁጥር፣ መሃላቸው ዘጠና ሰባት ከመቶ። አንዱ የአመልካች ቁጥር ነው። ሌላው ባጄ ላይ ያለው ቁጥር ነው። መሣሪያው ሠራ ብዬ፣ ጋሼ፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ መልሱን ከፈትኩት። ባዶዎቹን ቦታዎች «ወንበር» ብለህ ሰይመሃቸዋል። እኔም እንደዚያው።

አለቃዬ ጋ ሄድኩ።

«ይህ ሰው ወንድሜ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ። ቅጹ ላይ ራስሽ ጽፈሻል።»

«ጥያቄውን አልነገርኩትም። መልሱን ለእኔ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከተቀዳ የቀዳሁት እኔ ነኝ።»

«በመዝገባችን ቀድሞ የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ።»

«ጠያቂሽ የራስሽ እንደሆነ ጠይቆሽ ነበር፣ ተጽፏል። ምን አልሽው?»

«አዎ» እንዳልኩት ነገርኩት። ከዚያ የአንተን ጠያቂ ጽሑፍ አሳየኝ፦ «አመልካቹ ጥያቄውን አስቀድሞ እንደሚያውቀው በራሱ አንደበት ተናግሯል።»

«ቅጹ ሁለት ሳጥን ነው ያለው» አለኝ። «ከሌላ ወስዷል፣ ወይም መሣሪያው ተሳስቷል። መሣሪያው ተሳስቷል?»

አልተሳሳተም። ሁለቱ መልሶች አንድ ናቸው። ሦስተኛ ሳጥን ማድረግ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፣ ቅጹንም የሠራነው እኛ ነን። «ተሳስቷል ብዬ ብፈርምስ?» አልኩት። «ዘመድ ነሽ፣ ፊርማሽ አይቆጠርም» አለኝ። አልጮኸም።

ለኮሚቴው ስድስት ገጽ ጻፍኩ። ስለ ፎቶው፣ ስለ ስድስተኛ ክፍል፣ ስለ ወንበሮቹ፣ ሁሉንም። በሦስት ደቂቃ ውስጥ መልስ መጣ፤ ስድስት ገጽ በሦስት ደቂቃ። «ጉዳዩ ተዘግቷል፤ ለዚህ አድራሻ አይመልሱ» ይላል። መሣሪያው ውስጥ ገብቼ ማስተካከል የምችልበት ፈቃድም በዚያው ቀን ተነሳ። ማየት ብቻ ነው የቀረኝ።

ከሁሉ የከፋውን ልጻፍልህና ላብቃ። ሰኞ የክፍሉ ስብሰባ ላይ አለቃዬ ያንን ቀይ መስመር በትልቁ ስክሪን አሳየ፤ ቁጥሮቹን ሸፍኖ። «መሣሪያው ከሠራተኞቻችን የአንዷን ቤተሰብ እንኳ አላለፈም» አለ። አጨበጨቡ። ጋሼ፣ እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ነው ያጨበጨበው።

ሥራውን ልልቀቅ? እንዳልከኝ አደርጋለሁ።

ሩጬ

ጥር 27

ለሩጬ፣

ደብዳቤሽን አላረምኩትም። ቀይ እስክሪብቶዬን አዲሷ መምህርት ወስዳለች።

አትልቀቂ። ከአንድ ቤት ሁለት ሥራ ፈት ምን ይሠራል? ካርታ እንዳንጫወት እንኳ አንቺ ታጭበረብሪያለሽ። ይህ የመጀመሪያው ቀልዴ ነው፤ ለሌላው ጊዜ ስጪኝ።

አላስቀየምሽኝም። ማታለል ሌላ፣ ማመን ሌላ። አንቺ ያመንሽው በዓለም ላይ ወንድምሽን የሚመስል ሰው እንደሌለ ነው። ስህተት ቢሆንም ደስ ይላል።

ዳይሬክተሯ የቤተ መጻሕፍቱን ቁልፍ ሰጥታኛለች። መጽሐፍ እደረድራለሁ፤ መምህር ሲቀር ገብቼ እይዛለሁ። ማክሰኞ ስድስተኛ ክፍልን ያዝኩ። አዲሷ መምህርት ታማ ነበር። እንዲያው ልቤ አላርፍ ብሎኝ ያንን ጥያቄ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው፤ በየራሳችሁ ወረቀት፣ ከማንም ሳትቀዱ አልኳቸው። አርባ አንድ ልጆች ናቸው። ሠላሳ ስምንቱ ከአጭሩ ጀመሩ። ሠላሳ ስምንቱም ባዶ ወንበር ተዉ። ያቺ ምላሰኛ ከሥሩ «አጭሩን አስቀድመው ካላስቀመጡት ማን ያየዋል» ብላ ጽፋ ከአጠገቡ እኔን የመሰለ አጭር ሰው ሥላለች።

ወረቀቶቹን ቤተ መጻሕፍት ወስጄ አነበብኳቸው። ብዙ ጊዜ ሳነባቸው ቆየሁ። ለመሣሪያሽ ሠላሳ ስምንት ሌባ አሳድጌአለሁ። አሥራ ሰባት ዓመት ነው በዚህ ጥያቄ ያስተማርኩት፤ ጠቅላላውን አንቺ አባዢው።

እና አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ሳላሾፍ ነው የምጠይቅሽ። ቀጣዩ የክፍል ፎቶ ሲመጣ ላስተምራቸው ወይስ ልተወው?

ወንድምሽ

የካቲት 15

ይድረስ ለጋሼ፣

ይህን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። የመጀመሪያው «አስተምራቸው!» ይላል፤ ትልቅ አድርጌ ነበር የጻፍኩት። ሁለተኛው «ተወው» ይላል። የቀሩት ሁለቱ ስለ አየር ጠባይ ናቸው።

ትናንት ጠዋት ሌላ ቀይ መስመር መጣ። ዘጠና ስድስት ከመቶ። የአመልካች ቁጥር፣ ከዚያ የእኔ ቁጥር። ባለ መነጽሩ ከትከሻዬ በላይ አይቶ «ሌላ ወንድም አለሽ እንዴ?» አለ፣ ሊያስቀኝ ብሎ። መልሱን ከፈትኩት። ከአጭሩ ይጀምራል። የቁጥሩን ያህል ባዶ ይተዋል። ባዶዎቹን «ወንበር» ይላቸዋል።

ስሙ አይታየኝም፣ ለእኔ የሚታየኝ ቁጥር ብቻ ነው። ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም። አንድ ጊዜ የሆነ ዓመት ላይ፣ አንተ ክፍል ውስጥ፣ ፎቶ ለመነሳት ተሰልፎ እንደነበር ግን አውቃለሁ። እንደ አንተ «ይህን እኮ ልጅ ሆኜ ተምሬዋለሁ» ብሎ ስቆ ይሆናል። ጠያቂውም አንድ ነገር ጽፎ ይሆናል። መስመሩ ላይ የሚጫን ምንም ነገር የለም፤ ሞከርኩ። ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አሥር ሰዓት ላይ ቀዩ ግራጫ ሆነ፤ ተዘግቷል ማለት ነው።

ጋሼ፣ ካስተማርካቸው መሃል ኢንጂነር የሆነው ማን ነው? ወይም የሆነችው። የድሮ መዝገቦችህን አገላብጥልኝ። የመሰለህን ስም ሁሉ ጻፍልኝ፣ አሥርም ይሁን ሃያ። ምንም ላደርግለት አልችልም፣ ይህን ሳልዋሽህ ነው የምነግርህ። ግን ሁለት መስመር ደብዳቤ ይደርሰዋልና፣ የቀዳው ማንን እንደሆነ ሲጠይቅ የሚመልስለት ሰው የለውም። አንተ እንኳ የምትጠይቀኝ እኔ ነበርኩልህ።

ጥያቄህን አልመለስኩም፣ አይተሃል። ዘልዬዋለሁ። ዘለልሽ እንጂ ሸሸሽ አይባልም ብለኸኛል፤ አሁንም እንደዚያ በለኝ።

እህትህ